ሌሊት እግራቸው አላስተኛ ለሚላቸው አረጋውያን፦ ደረጃ በደረጃ የሚከተሉት መመሪያ

ቀኑን ሙሉ ደህና የዋለ እግር መኝታ ሰዓት ሲደርስ ይነሣል። አረጋዊው ጋደም ባሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ባታቸውን ማሸት፣ እግራቸውን ማጠፍና መዘርጋት ይጀምራሉ፤ ብርድ ልብሱን ገልጠው ተነሥተው ጥቂት ሲንጎራደዱ ቀለል ይላቸዋል፣ ተመልሰው ሲተኙ ግን ስሜቱ ካቆመበት ይቀጥላል። በማግሥቱ ቁጭ ባሉበት ያንጎላጃሉ፣ ድካም ይጫናቸዋል፣ ትንሹ ነገር ያስቆጣቸዋል። ይህ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሲደጋገም ቤተሰቡም ሆነ እርሳቸው ራሳቸው «ዕድሜ ነው» ብለው ይለምዱታል፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱም ስለ ደም ግፊቱና ስለ ስኳሩ ተነጋግረው የእግሩን ጉዳይ ሳያነሡ ይመለሳሉ።

«ዕድሜ ነው» የሚለው መልስ ብዙ ሰው ሊታከም የሚችል ሕመም ተሸክሞ እንዲኖር አድርጓል። ዕድሜ ለችግሩ ያጋልጣል እንጂ ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ ከበስተጀርባው የብረት ማነስ፣ ለሌላ ሕመም የሚወሰድ መድኃኒት፣ የኩላሊት ወይም የነርቭ ሕመም አለዚያም የደም ሥር መጥበብ ሊኖር ይችላል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሊመረመሩና ሊስተካከሉ፣ ቢያንስ ሊቃለሉ የሚችሉ ናቸው።

ከሁሉ በፊት ግን መለየት ያስፈልጋል። ሌሊት የሚነሣ የእግር ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጉዳት የሚሆንበት ጊዜም አለ። እግርን በትራስ ከፍ አድርጎ መተኛት በደም መልስ ሥሮች ድካም ያበጠ እግርን ያሳርፋል፣ የደም ቅዳ ሥሮቹ የጠበቡበትን እግር ግን የባሰ ያሳምማል። አጥብቆ የሚይዝ የሕክምና ካልሲም እንዲሁ ነው፤ ለመጀመሪያው ይታዘዛል፣ ለሁለተኛው ደም የሚያጥረውን እግር ይበልጥ ያስጨንቃል። ስለዚህ ጎረቤት የተሻለውን ከመሞከር በፊት የራስን ሕመም ማወቅ ይቀድማል።

ደረጃ 1፦ ስሜቱ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት

በሕክምናው ዓለም «ሬስትለስ ሌግስ ሲንድረም» የሚባለውን ሕመም በዚህ መመሪያ እረፍት የለሽ እግር እያልን እንጠራዋለን። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ እ.ኤ.አ. በ1672 ስለዚህ ሕመም ጽፏል፤ ስዊድናዊው የነርቭ ሐኪም ካርል-አክሰል ኤክቦም ደግሞ በ1945 በዝርዝር አጥንቶ አቅርቦታል፤ በዚህም የተነሣ የዊሊስ-ኤክቦም ሕመም ተብሎም ይጠራል። ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከውጭ ምንም የማይታይ፣ በጣት ተነክቶ የማይገኝ ስሜት ስለሆነ ብዙ አረጋውያን «ሐሳብ ነው» ተብለው ስለተመለሱ፣ ሕመሙ የታወቀና ስም ያለው መሆኑን ማወቃቸው በራሱ ይጠቅማቸዋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች ከ100 አዋቂዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ምልክቱ አለባቸው፤ በሴቶች ላይ በወንዶች ላይ ከሚታየው እጥፍ ገደማ ሲሆን ዕድሜ ሲጨምርም ይበዛል።

ታማሚዎቹ ስሜቱን ለመግለጽ ይቸገራሉ። አንዱ «ውርር ይለኛል»፣ ሌላው «ውስጥ ውስጡን ይበላኛል»፣ ሌላው «አጥንቴ ውስጥ ይጠዘጥዘኛል» ይላል፤ «ሕመም እንኳ አይደለም፣ ግን አያስቀምጥም» የሚሉም አሉ። በቃል አገላለጹ ላይ ከመጨነቅ ይልቅ የሚከተሉትን አራት ጥያቄዎች መመለስ ይሻላል። እግርዎን ለማንቀሳቀስ የሚያስገድድ፣ ለመታገሥ የሚያስቸግር ግፊት አለ? ግፊቱ የሚመጣው ወይም የሚብሰው ሲቀመጡና ሲጋደሙ ነው? ሲራመዱ ወይም እግርዎን ሲያፍታቱ፣ ቢያንስ እንቅስቃሴው እስካለ ድረስ፣ ይተውዎታል ወይም ይቀልልዎታል? ከቀን ይልቅ በምሽትና በሌሊት ይብሳል? ለአራቱም መልስዎ «አዎ» ከሆነና ነገሩ በሌላ ሕመም ሊገለጽ የማይችል ከሆነ፣ እረፍት የለሽ እግር የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው። ሕመሙን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራ ወይም ራጅ የለም፤ ሐኪሙም የሚወስነው እነዚህኑ ጥያቄዎች ጠይቆ ነው። አጠገብዎ የሚተኛ ሰው ካለ ደግሞ በእንቅልፍ ልብዎ እግርዎ በየ20 እስከ 40 ሰከንዱ እየተወራጨ እንደሆነ ይጠይቁት፤ ይህ ከእረፍት የለሽ እግር ጋር አብሮ የሚመጣ የተለመደ ነገር ነው።

ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታው የጡንቻ መሸማቀቅ ነው። መሸማቀቅ በድንገት ይመጣል፤ በአብዛኛው ባት ላይ ወይም ውስጥ እግር ላይ ነው፤ ጡንቻው ቋጥሮ ሲደድር በእጅ ይዳሰሳል፣ ሕመሙም ከእንቅልፍ የሚያባንን ብርቱ ሕመም ነው። ከጥቂት ሰከንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ይቆይና ይለቃል፣ ቦታው ግን እስከ ማግሥቱ ሊያም ይችላል። እረፍት የለሽ እግር እንዲህ አይደድርም፣ እንዲህም በአንዴ መጥቶ በአንዴ አይሄድም።

የነርቭ ጉዳት፣ በተለይ ስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ፣ ከእግር ጣቶች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚወጣ የማቃጠል፣ የመውጋትና የመደንዘዝ ስሜት ያመጣል፤ ሌሊት ሊብስ ይችላል፣ ተነሥቶ መራመድ ግን እምብዛም አያስታግሰውም፣ ቀንም ቢሆን ጨርሶ አይጠፋም። የደም መልስ ሥሮች ድካም እግርን ያከብዳል፣ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያሳብጣል፣ ብዙ ጊዜም የተጠማዘዙና ያበጡ ደም ሥሮች ይታያሉ፤ እግር ከፍ ሲል ይቀልላል። የደም ቅዳ ሥሮች ሲጠቡ ነገሩ ይገለበጣል፤ በእግር ጉዞ ጊዜ ባት ይታመማል፣ ሲቆሙ ይተዋል፤ ሕመሙ ሲጠና ሌሊት ተኝተው ሳለ የእግር ጣትና ውስጥ እግር ይታመማል፣ እግሩን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ማንጠልጠል ብቻ ያስታግሰዋል። የጉልበትና የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ደግሞ ቦታው በጣት የሚጠቆም ነው።

አንድ ሰው ከእነዚህ ሁለቱን ወይም ሦስቱን በአንድ ላይ ሊይዝ እንደሚችልም መዘንጋት አይገባም። በአረጋውያን ላይ እንዲያውም የተለመደው ይህ ነው።

ደረጃ 2፦ ቀጠሮ ሊጠብቁ የማይገቡ ምልክቶችን ማረጋገጥ

አንዱ እግር ብቻ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ፣ በተለይ ከረጅም ጉዞ፣ ከቀዶ ሕክምና ወይም ለቀናት ከአልጋ ከመዋል በኋላ ከሆነ፣ በጥልቁ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ስለሚችል የዕለቱ ዕለት መታየት አለበት፤ ከዚህ ጋር ትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ሕመም ከመጣ ደቂቃም ሳይባክን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። በድንገት የቀዘቀዘ፣ የገረጣና የደነዘዘ እግርም ደም ተቋርጦበት ሊሆን ስለሚችል እንዲሁ ነው። አዲስ የመጣ የእግር መዛል፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በመቀመጫና በጭን ውስጥ የሚሰማ መደንዘዝ የአከርካሪ ነርቭ መጨቆንን ያመለክታሉ። በእግር ላይ የማይድን ቁስል ያለበት ሰውም ሌሊት የሚያመውን እግር በቤት ውስጥ ዘዴ ሊያስታግስ መሞከር የለበትም።

ደረጃ 3፦ ለሁለት ሳምንት ማስታወሻ መያዝ

ከአልጋው አጠገብ ትንሽ ደብተርና እርሳስ ያስቀምጡ። በየማለዳው፦ ስሜቱ በስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ በየትኛው እግር እንደነበረ፣ ምን እንዳስታገሰው፣ ስንት ጊዜ እንደተነሡ፣ ምን ያህል እንደተኙ ይጻፉ። ከዚያ በታች ባለፈው ቀን የጠጡትን ቡና፣ ሻይና አልኮል፣ የወሰዱትን መድኃኒት ከነሰዓቱ፣ ያደረጉትን እንቅስቃሴ ያክሉ። ማየት ወይም መጻፍ የሚያስቸግራቸው ከሆነ ልጅ ወይም ተንከባካቢ በአፋቸው የሚሉትን ሳይለውጥ ይጻፍላቸው። ሐኪም ፊት የሚቀርቡበት ጊዜ አጭር ነው፤ «ሌሊት እግሬን ያመኛል» ከማለት ይልቅ «ከተኛሁ በሩብ ሰዓት ይጀምረኛል፣ ስራመድ ይተወኛል፣ በሳምንት አምስት ሌሊት ይመጣብኛል» ማለት ውይይቱን በአንዴ ወደ ትክክለኛው መንገድ ያስገባዋል።

ደረጃ 4፦ ብረትን ማስመርመር

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚፈጽሙ ከሆነ ይህን ይፈጽሙ ብዬ እመክራለሁ። እረፍት የለሽ እግር ባለባቸው ብዙ ሰዎች በአንጎል ውስጥ ያለው የብረት መጠን ዝቅ ያለ ሆኖ ይገኛል፤ ብረት ደግሞ እንቅስቃሴን ከሚቆጣጠሩት የአንጎል መልእክተኞች አንዱ የሆነው ዶፓሚን በአግባቡ እንዲሠራ ያስፈልጋል። አስቸጋሪው ነገር የደም ማነስ ሳይኖርም ብረት ሊያንስ መቻሉ ነው። በተለመደው የደም ምርመራ ሄሞግሎቢን ደህና ስለሆነ «ደምዎ ሙሉ ነው» ተብለው የሚመለሱ ሰዎች የተጠራቀመ ብረታቸው አልተለካም።

የሚጠየቀው ምርመራ ፌሪቲን፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ብረት የሚያሳየው ልኬት፣ እና የትራንስፈሪን ሙሌት፣ ማለትም በደም ውስጥ ብረት ተሸካሚው ፕሮቲን ምን ያህል ብረት እንደያዘ የሚያሳየው ልኬት ነው። ደሙ በማለዳ፣ ምግብ ሳይቀመስ ቢሰጥ ይመረጣል፤ ብረት ያለበት ኪኒን የሚወስድ ሰው ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ማቆም ይኖርበታል። ሁለቱ አብረው የሚለኩበት ምክንያት አለ፤ ፌሪቲን የሰውነት መቆጣት (ብግነት) ወይም ኢንፌክሽን ሲኖር ከፍ ስለሚል፣ የመገጣጠሚያ መቆጣት ወይም ሌላ ሥር የሰደደ ሕመም ባላቸው አረጋውያን ላይ እውነተኛውን ማነስ ሊሸፍን ይችላል። ውጤቱን ሲያነቡም የላቦራቶሪውን «ጤናማ» ወሰን ብቻ አይመልከቱ። ብዙ ላቦራቶሪዎች 30 ወይም 40 ፌሪቲንን ደህና ብለው ይጽፋሉ፤ ለእረፍት የለሽ እግር ግን ፌሪቲን በአንድ ሚሊ ሊትር 75 ናኖግራም ወይም ከዚያ በታች ሲሆን፣ አለዚያም የትራንስፈሪን ሙሌት ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ፣ ብረት መስጠት እንደሚገባ የእንቅልፍ ሕክምና መመሪያዎች ይመክራሉ። ይህን ልዩነት የማያስታውስ ሐኪም ካጋጠመዎት በትሕትና ማንሣት ነውር የለበትም።

ብረት በኪኒን ሲታዘዝ አንድ ፍሬ ብዙ ጊዜ 65 ሚሊ ግራም ያህል ንጹሕ ብረት የሚይዝ ሲሆን፣ በቀን አንድ ጊዜ ወይም አንድ ቀን እያሳለፉ ከቪታሚን ሲ ጋር ይወሰዳል። ሻይ፣ ቡና፣ ወተት፣ ካልሲየምና የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶች ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ ሰዓታቸውን ማራራቅ ያስፈልጋል፤ የታይሮይድ ኪኒን የሚወስዱም በሁለቱ መካከል አራት ሰዓት ያኑሩ። ሰገራ ይጠቁራል፣ ይህ አያስደንግጥ፤ ሆድ ድርቀት ግን አረጋውያንን በጣም ስለሚያስቸግር ቀድሞ ለሐኪም መንገር ይሻላል። ለውጡ በሳምንት አይታይም፤ ምርመራው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይደገማል። ኪኒኑ ካልተስማማ ወይም አንጀት ካልተቀበለው በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለ።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። ብረት ሳይለካ በግምት አይወሰድም፤ ሰውነት ትርፍ ብረትን የሚያስወግድበት መንገድ ስለሌለው ተጠራቅሞ ጉበትንና ልብን ሊጎዳ ይችላል። ሁለተኛው ይበልጥ ከባድ ነው፦ በአረጋዊ ሰው ላይ ብረት ሲያንስ «ለምን አነሰ?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። አስፒሪንና የሕመም ማስታገሻዎች ጨጓራን አድምተው፣ ወይም በአንጀት ውስጥ ያለ ቁስል ወይም ዕጢ በዝግታ እየደማ ሊሆን ይችላል፤ እግሩ ስለተሻለው ብቻ ይህ ሳይመረመር መታለፍ የለበትም።

ደረጃ 5፦ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ማውጣት

ከሐኪም የታዘዙትን፣ ያለ ማዘዣ የተገዙትን፣ ቪታሚኖቹንም ጭምር በአንድ ላይ ያውጡና ስማቸውንና የሚወሰዱበትን ሰዓት ይጻፉ። ከዚያ ፋርማሲስት ወይም ሐኪም ዘንድ ይዘው ይቅረቡ። እረፍት የለሽ እግርን የሚያስነሡ ወይም የሚያባብሱ መድኃኒቶች የታወቁ ናቸው፦ እንቅልፍ የሚያመጡት አሮጌዎቹ የአለርጂ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ዳይፈንሃይድራሚን፤ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራሚድ፤ እንደ ሃሎፔሪዶል ያሉ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች፤ አብዛኞቹ የድብርት መድኃኒቶች፣ በተለይም ሚርታዛፒን።

ከእነዚህ ውስጥ የመጀመሪያው ሳይታወቅ ወጥመድ ይሆናል። ሰውየው እግራቸው አላስተኛ ስላላቸው የእንቅልፍ ወይም የጉንፋን ኪኒን ይገዛሉ፤ በኪኒኑ ውስጥ ያለው የአለርጂ መድኃኒት እግሩን ያብሰዋል፤ እንቅልፍ ስላጡ መጠኑን ይጨምራሉ። ይኸው መድኃኒት በአረጋውያን ላይ ግራ መጋባትን፣ ሽንት አልወጣ ማለትንና መውደቅን ስለሚያመጣ ሁለት ጊዜ ይጎዳቸዋል። ስለዚህ ለእንቅልፍ የሚሸጡ ኪኒኖችን ማሸጊያ ማንበብ፣ ማንበብ ካልተቻለ ማስነበብ የግድ ነው።

የጡንቻ መሸማቀቅ የሚያስቸግራቸውም ዝርዝሩን ማየት አለባቸው። ሽንት የሚያሸኑ የደም ግፊት መድኃኒቶችና አንዳንድ ረዘም ላለ ሰዓት የሚሠሩ፣ በአፍ የሚሳቡ የአስም መድኃኒቶች ከመሸማቀቅ ጋር ተያይዘዋል፤ ኮሌስትሮል የሚቀንሱት ስታቲኖችም የጡንቻ ሕመም ሊያመጡ ይችላሉ። ከእነዚህ አንዱንም ግን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም። የድብርት መድኃኒትን በድንገት ማቆም፣ የልብ መድኃኒትን መዝለል ከእግሩ ሕመም የባሰ ነገር ያመጣል። ጥያቄው «ይህን ልተወው?» ሳይሆን «ይህን የሚተካ፣ እግሬን የማይነካ አለ ወይ?» መሆን አለበት።

ደረጃ 6፦ ቀኑንና ምሽቱን ማስተካከል

ቡናና ሌላ ካፌይን ያለው መጠጥ ከእኩለ ቀን በኋላ ይቅር፤ አልኮልና ሲጋራም ምሽት ላይ ብዙዎችን ያስነሡባቸዋል። ይህ ለሁሉም እኩል ስለማይሠራ አንዱን ለሁለት ሳምንት አቁመው ማስታወሻውን ይመልከቱ፤ ሁሉንም በአንድ ቀን ካቆሙ የቱ እንደጠቀመዎት አያውቁም።

እንቅስቃሴ ይረዳል። በሳምንት ሦስት ጊዜ መጠነኛ የእግር ጉዞ ከእግር ጡንቻ ማጠንከሪያ ጋር ለ12 ሳምንት የቀጠሉ ሰዎች ምልክታቸው እንደቀነሰ በጥናት ታይቷል። መጠነኛ የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ ከአቅም በላይ የደከመ እግር ሌሊት ይብስበታል፣ በመኝታ ሰዓት አካባቢ የሚደረግ ከባድ እንቅስቃሴም እንቅልፍ ያባርራል። ለረጅም ሰዓት መቀመጥ የሚጠይቁ ጉዳዮችን፣ ጉዞም ሆነ የሐኪም ቀጠሮ፣ በተቻለ መጠን ወደ ጠዋት ማምጣት አንድ ዘዴ ነው። እግራቸው የሚያብጥ ደግሞ፣ የደም ቅዳ ሥር ጥበት እንደሌለባቸው ከተረጋገጠ፣ ከሰዓት በኋላ ለግማሽ ሰዓት እግራቸውን ከፍ አድርገው ቢጋደሙ ቀን የተጠራቀመው ፈሳሽ ሌሊት አያስቸግራቸውም።

ከመኝታ በፊት ባትን ማፍታታት በተለይ ለመሸማቀቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ዕድሜያቸው ከ55 ዓመት በላይ የሆኑና ሌሊት ጡንቻቸው የሚሸማቀቅ ሰዎች ለስድስት ሳምንት ከመኝታ በፊት ባታቸውንና የጭናቸውን የኋላ ጡንቻ ሲያፍታቱ መሸማቀቁ ቁጥሩም ብርታቱም እንደቀነሰ አሳይቷል። አሠራሩ ይህ ነው፦ ግድግዳ ፊት ለፊት ክንድ ያህል ርቀው ይቁሙ፣ ሁለት እጅዎን በደረትዎ ትይዩ ግድግዳው ላይ ያሳርፉ፣ አንዱን እግር ወደ ኋላ ይውሰዱ። የኋላው ጉልበት ሳይታጠፍ፣ ተረከዙም ከወለሉ ሳይነሣ፣ የፊተኛውን ጉልበት ቀስ ብለው በማጠፍ ወደ ግድግዳው ያዘንብሉ፤ ባትዎ ሲወጠር ይሰማዎታል፣ ማመም ግን የለበትም። እስከ አሥር ቆጥረው ይመለሱ፣ ሦስት ጊዜ ይድገሙ፣ እግር ይቀይሩ። ቆሞ መሥራት የማያስተማምናቸው ሰዎች አልጋ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠው፣ ፎጣ በውስጥ እግራቸው የፊተኛ ክፍል ላይ አዙረው በሁለት እጅ ወደ ራሳቸው በመሳብ ይኸንኑ ያገኛሉ።

ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እግርን መንከር፣ ማሸት፣ ለአንዳንዱም ቀዝቃዛ ጨርቅ ማሳረፍ ለእረፍት የለሽ እግር ጊዜያዊ እፎይታ ይሰጣል። ስኳር ያለበትና እግሩ የደነዘዘ ሰው ግን የውኃውን ሙቀት በእግሩ አይለካም፤ በክርኑ ይለካ ወይም ሌላ ሰው ይለካለት፤ የሙቅ ውኃ ከረጢትም እግሩ ሥር አይደረግለት፣ ሳይሰማው ይቃጠላልና። ብርድ ልብሱ ከግርጌ በኩል ተጠብቆ ሲታጠፍ የእግር ጣቶችን ወደ ታች ተጭኖ ባትን ስለሚያሸማቅቅ ላላ ይደረግ።

ደረጃ 7፦ ሌሊት ሲነሣ የሚደረገው

ጡንቻ ሲሸማቀቅ ጉልበትዎን ዘርግተው የእግርዎን ጣቶች ወደ ቅልጥምዎ አቅጣጫ ይሳቡ፤ በእጅ መድረስ ካልቻሉ ተረከዝዎን ወደ ፊት እየገፉ ጣቶችዎን ወደ ላይ ያንሡ። የደደረውን ቦታ በመዳፍ ማሸትና ደጋፊ ነገር ይዞ እግርን ወለል ላይ አስተካክሎ መቆምም ይረዳል። ለሌሊት መሸማቀቅ ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረ ቢሆንም የደም መርጊያ ሕዋሳትን ክፉኛ ሊቀንስና የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ለዚህ ጉዳይ እንዳይወሰድ አስጠንቅቋል፤ አሮጌ ብልቃጥ ቤት ካለ አይጠቀሙበት። በስፋት የሚወራለት ማግኒዚየምም በአረጋውያን መሸማቀቅ ላይ እምብዛም ጥቅም እንደማይሰጥ የተሰበሰቡ ጥናቶች ያሳያሉ፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ አደጋ አለው።

እረፍት የለሽ እግር ሲነሣ ተኝቶ መታገል ስሜቱን ያከርረዋል። መጀመሪያ አልጋው ላይ ሆነው ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ፣ ባትዎን ያሹ፤ ካልተወዎት ይነሡ፣ አነሣሡ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እንቅልፍ ያጣ፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ አረጋዊ በጨለማ ተስፈንጥሮ ሲነሣ ራሱ ዞሮ ሊወድቅ ይችላል፤ የዳሌ ስብራት ደግሞ ከማንኛውም የእግር ስሜት የከፋ ነው። ስለዚህ በአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩ፣ መብራቱን እጅ ከሚደርስበት ያብሩ፣ የማያንሸራትት ጫማ ያድርጉ፣ ምርኩዝ ካለዎት ይያዙ። የሚመላለሱበት መንገድ ከምንጣፍ ጫፍና ከኤሌክትሪክ ገመድ ነጻ እንዲሆን ገና በብርሃን ሳለ መስተካከል አለበት። ጥቂት ከተራመዱ በኋላ ወዲያው ከመተኛት ይልቅ ተቀምጠው አእምሮን የሚይዝ ነገር፣ ንባብ፣ የእጅ ሥራ ወይም የቃላት ጨዋታ ቢያደርጉ ስሜቱ ይበልጥ ይርቃል፤ አእምሮ ሥራ ሲይዝ ምልክቱ እንደሚቀንስ ታማሚዎች ሁሉ የሚያውቁት ነው።

ደረጃ 8፦ መድኃኒት ካስፈለገ

ብረቱ ተስተካክሎ፣ የሚያባብሱ መድኃኒቶች ተለውጠውና ልማዱ ተሻሽሎም ምልክቱ በሳምንት ብዙ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነ መድኃኒት አለ። የኩላሊት ሥራና የስኳር ምርመራም ከዚያ በፊት ይታይ፤ በእንቅልፍ ልብ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም ያለበት ሰው ሲያንኮራፋና ሲታፈን ከተስተዋለ እርሱን ማከም እግሩንም ሊያሻሽል ይችላል።

ለዓመታት ቀዳሚ ሆነው ይታዘዙ የነበሩት ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል የተባሉት፣ እንደ ዶፓሚን የሚሠሩ መድኃኒቶች ናቸው። መጀመሪያ ላይ ግሩም ሆነው ይሠራሉ፣ ከጊዜ በኋላ ግን በብዙ ሰዎች ላይ ሕመሙን ራሳቸው ያባብሱታል፦ ማታ ይጀምር የነበረው ከሰዓት በኋላ ይጀምራል፣ ከእግር ወደ ክንድ ይዛመታል፣ መጠኑ ሲጨመርም ይብስ ይከርራል። በአንዳንዶች ላይም ቁማርን፣ ግዢን ወይም ሌላ ፍላጎትን መቆጣጠር እስኪሳናቸው ድረስ ጠባይ ይለውጣሉ። በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው መመሪያ እነዚህን በመደበኛነት መጠቀምን አይደግፍም፤ በቅድሚያ የሚመክረው ጋባፔንቲንን፣ ጋባፔንቲን ኢናካርቢልንና ፕሪጋባሊንን ነው። ለረጅም ጊዜ ፕራሚፔክሶል የሚወስድ ሰው ይህን አንብቦ ማታውኑ እንዳያቆም አደራ እላለሁ፤ በድንገት ማቆም ብርቱ የሕመም ማገርሸት ስለሚያመጣ በሐኪም ክትትል በዝግታ ይቀነሳል።

ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊንም ለአረጋውያን ያለ ጣጣ አይደሉም። ራስ ያዞራሉ፣ ያደነዝዛሉ፣ እግር ሊያሳብጡም ይችላሉ፤ ከሰውነት የሚወጡት በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊቱ በደከመ ሰው መጠናቸው መቀነስ አለበት፤ ከእንቅልፍ ኪኒን ወይም ከጠንካራ ሕመም ማስታገሻ ጋር ሲደራረቡ ትንፋሽን ሊያዳክሙ ይችላሉ። በትንሹ ተጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር፣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶችም አንድ ሰው ቢቻል በቅርብ ቢያድር መልካም ነው።

መናገር ለማይችሉ ወላጆች

የመርሳት ሕመም የያዛቸው አረጋውያን «እግሬን ውርር ይለኛል» ብለው አይነግሩንም። የሚታየው ሌላ ነገር ነው፦ ሲመሽ መንጎራደድ፣ ባትን ደጋግሞ ማሸት ወይም መምታት፣ በወንበር ላይ ሳሉ እግርን ማወራጨት፣ አልጋ ላይ ሲያስተኟቸው መቆጣትና ተመልሶ መነሣት። ተንከባካቢው ሁለት ነገር ይመልከት፦ ይህ የሚብሰው ሲመሽ ነው ወይ? ሲያራምዷቸው ወይም እግራቸውን ሲያሹላቸው ይረጋጋሉ ወይ? በወጣትነታቸው እንዲህ ያለ ችግር እንደነበረባቸው፣ ወይም ከወንድምና እኅቶቻቸው መካከል ያለበት ሰው እንዳለ ዘመድ መጠየቅም ይጠቅማል፤ ሕመሙ በቤተሰብ የሚተላለፍበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ይህ ሳይታወቅ ሲቀር የምሽቱ መቅበጥበጥ የመርሳት ሕመሙ ጠባይ ተደርጎ ይወሰድና ለማረጋጋት እንደ ሃሎፔሪዶል ያለ መድኃኒት ይታዘዛል፤ እርሱ ደግሞ እግሩን ይበልጥ የሚያስነሣ ነው። ስለዚህ ለእናትዎ ወይም ለአባትዎ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊጀመር ነው ሲባል፣ ማዘዣው ከመጻፉ በፊት የያዙትን ማስታወሻ ለሐኪሙ ያሳዩ፣ ፌሪቲናቸውም እንዲለካ ይጠይቁ።